መድፉን ከመቀባታችን በፊት

እ.ኤ.አ. በጥር 2013 የኒው ዮርኩ ሴንትራል ፓርክ ሠራተኞች መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ አንድ አሮጌ መድፍ ዝገቱን እያጸዱ ነበር። መድፉ በ1780 በከተማዋ ኢስት ሪቨር ከሰጠመው ሁሳር ከሚባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ እንደወጣ ይነገርለታል። እስከ 1996 ድረስ ሕዝብ በሚያየው ቦታ ቆሞ ነበር፤ ሕፃን ሳይፈናጠጥበት፣ ጎብኚ ተደግፎት ፎቶ ሳይነሣ የቀረ አይመስለኝም። ሠራተኞቹ አፈሙዙን የዘጋውን ነገር አውጥተው ውስጡን ሲመለከቱ ጥይቱን ከነውታፉ፣ ከጥይቱም በስተጀርባ 800 ግራም ያህል ባሩድ አገኙ። መድፉ ከ230 ዓመት በላይ እንደጎረሰ ኖሯል። ፖሊስ ተጠርቶ ባሩዱን አወጣው።

ስለዚህ አሮጌ መድፍ አድሶ መታሰቢያ ለማድረግ የተነሣ ማኅበር ሁሉ ከቀለምና ከብሩሽ በፊት አንድ ረጅም የእንጨት ዘንግ ያስፈልገዋል። ዘንጉን በአፈሙዙ እስከ መጨረሻው ያስገቡና አፉ ላይ ምልክት ያደርጉበታል። ያንኑ ዘንግ አውጥተው በመድፉ ጎን ላይ ያስተኙታል። የዘንጉ ጫፍ ከኋላ ካለው የመለኮሻ ቀዳዳ አጠገብ ከደረሰ መድፉ ባዶ ነው። ብዙ ካጠረ ግን ውስጡ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው፤ የወፍ ጎጆ ሊሆን ይችላል፣ ድንጋይና ቆሻሻ ሊሆን ይችላል፣ ባሩድም ሊሆን ይችላል። ዘንጉ ከእንጨት የሚሆነው ብረት ከብረት ሲጋጭ እሳት ስለሚጭር ነው። ከዚያ በኋላ መሰርሰሪያም ሆነ ብየዳ ሳያስጠጉ የፈንጂ ባለሙያ መጥራት ነው። በመርከብ ላይ መድፍ የሚጎርሰው ከውጊያው አስቀድሞ ነበር፤ የጎረሰውን መልሶ ማውጣት ደግሞ ከመተኮሱ የባሰ ጣጣ ስለነበረው ብዙው እንደጎረሰ ይቀር ነበር።

ለመሆኑ ሰላማዊ ከተማ አደባባዩ ላይ መድፍ ምን ያደርግለታል? ነገሩ በሰፊው የተለመደው ከክራይሚያ ጦርነት በኋላ ነው። እንግሊዞችና ፈረንሳዮች ከቱርክ ጋር ሆነው የሩሲያን የባሕር ኃይል ከተማ ሴባስቶፖልን ከ1854 መከር ጀምሮ ለአንድ ዓመት ያህል ከበቡ። ከተማዋ በመስከረም 1855 ስትለቀቅ በሺዎች የሚቆጠሩ የሩሲያ መድፎች በእጃቸው ገቡ። አብዛኞቹ ከባድ የብረት መድፎች ነበሩ፤ ለአሸናፊው ጦር እንደ መሣሪያ ብዙም አይጠቅሙም፣ ለመጣል ደግሞ ያሳዝናሉ። የእንግሊዝ መንግሥት የደረሱትን መድፎች በግዛቱ ላሉ ከተሞች ማደል ጀመረ። የእንግሊዟ ኢሊ ከካቴድራሏ ፊት ለፊት ያቆመችውን መድፍ ንግሥት ቪክቶሪያ የሰጠቻት በ1860 ነው። ቶሮንቶ ኩዊንስ ፓርክ ውስጥ ሁለት አሉ። የአየርላንዷ ጎልዌይም ሁለት አላት።

እዚህ ላይ አንድ ምጸት አለ። ከእነዚህ መድፎች ብዙዎቹ አሌክሳንድሮቭስክ ከሚባለው የሩሲያ ፋብሪካ የወጡ ናቸው። ፋብሪካውን ለዓመታት የመራው ደግሞ ስኮትላንድ ውስጥ ካሮን የተባለውን የታወቀ የብረት ድርጅት ይመራ የነበረውና በ1786 ወደ ሩሲያ የተሻገረው ቻርለስ ጋስኮይን ነው። እንግሊዞች ከጠላት ማርከን አመጣነው ያሉት መድፍ በእንግሊዞች ጥበብ የተሠራ ነበር ማለት ይቻላል። መታሰቢያ ሐውልት ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይጻፍም። የአንድን መድፍ ታሪክ አጥብቆ የሚመረምር ሰው ግን ከሐውልቱ ጽሑፍ የሚበልጥ ነገር ማግኘቱ አይቀርም።

ከስድሳ ዓመት በኋላ ነገሩ በትልቁ ተደገመ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ አውስትራሊያ፣ ካናዳና ብሪታንያ ከጀርመን የተማረኩ መድፎችን፣ ሞርታሮችንና መትረየሶችን በየከተማውና በየመንደሩ አከፋፈሉ። አውስትራሊያ ውስጥ ድልድሉ የከተማውን የሕዝብ ብዛት የተከተለ ነበር፤ ትልቁ ከተማ መድፍ፣ ትንሿ መንደር መትረየስ ይደርሳት ነበር። ከሁሉም ገናና የሆነው አውስትራሊያውያን ነሐሴ 8 ቀን 1918 ፈረንሳይ ውስጥ አሚየን አጠገብ የማረኩት በባቡር ሐዲድ ላይ የሚሄድ የ28 ሴንቲሜትር መድፍ ነው። አፈሙዙ ዛሬም ካንቤራ በሚገኘው የጦርነት መታሰቢያ ቆሟል። ተሸካሚው የባቡር ሠረገላ ግን ከጊዜ በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ሄዷል።

መድፉን የወደደው ሁሉም አልነበረም። ልጆቻቸውን የገደለ መሣሪያ በመናፈሻቸው እንዲቆም ያልፈለጉ ከተሞች ነበሩ። ብሪታንያ ውስጥ ከግንባር የተመለሱ ወታደሮች የተሰጣቸውን መድፍ እየጎተቱ ወንዝ ውስጥ የከተቱበት ጊዜም አለ። የእነዚህ ሰዎች ተቃውሞ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የጠላት መድፍ በራሱ የድል ምልክት ነው እንጂ የሟች መታሰቢያ አይደለም። መታሰቢያ የሚያደርገው ከአጠገቡ የሚጻፈው የሰው ስም ነው፤ ስም የሌለበት መድፍ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ አብዛኞቹ እነዚህ መድፎች ጠፉ። ብረት ስላጠረ ከተሞች የአባቶቻቸውን ምርኮ ለማቅለጫ ሰጡ፤ የክራይሚያዎቹም የ1918ቶቹም ተሰበሰቡ። አሜሪካ ውስጥም በ1896 በወጣ ሕግ ለከተሞችና ለአርበኞች ማኅበራት የተሰጡ የእርስ በርስ ጦርነት መድፎች ብዙዎቹ በ1942ቱ የብረት ዘመቻ ወደ እቶን ገቡ። ዛሬ በየመናፈሻው የሚታዩት ያመለጡት ናቸው።

ያመለጡት ደግሞ ከእሳት ያመለጡ እንጂ ከዝናብ ያመለጡ አይደሉም። ስለዚህ ወደ ዋናው የምዕራፉ ጉዳይ፣ ወደ ብረቱ እንግባ።

አሮጌ መድፍ በሁለት ወገን ይከፈላል፤ ብረትና ነሐስ። የነሐሱ መድፍ ከአሥር እጅ ዘጠኙ መዳብ፣ አንዱ ቆርቆሮ ነው። አየር ሲነካው አረንጓዴ ወይም ቡናማ ልባስ ያወጣል፤ ይህ ልባስ በሽታ አይደለም፣ ከሥሩ ያለውን ነሐስ የሚጠብቅ ቆዳው ነው። አዲስ የተመረጠ የኮሚቴ ሰብሳቢ የመጀመሪያ ሐሳቡ ብዙ ጊዜ መድፉን ወልውሎ እንደ ወርቅ ማብራት ነው። ይህ ቆዳውን መግፈፍ ነው፤ በእያንዳንዱ ውልወላ ከመድፉ ላይ ትንሽ ነሐስ ይሄዳል፣ ጽሑፉና ጌጡም አብሮ ይደበዝዛል። የሚያስፈራው ሌላ ነገር ነው። ነሐሱ ላይ ዱቄት የመሰለ ደማቅ አረንጓዴ ነጠብጣብ ብቅ ካለ፣ ሲነካም ከረገፈ፣ ጨው ገብቶበታል ማለት ነው። ባለሙያዎች የነሐስ በሽታ ይሉታል። በጨው ውስጥ ያለው ክሎሪን ከመዳቡ ጋር ይዋሐዳል፤ እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱ መዳቡን በልቶ ተመልሶ ያንኑ ውህድ ይሠራል። እርጥበት እስካለ ድረስ ዑደቱ አይቆምም። መድኃኒቱ ጨውን ማውጣት፣ ከዚያም ዕቃውን ደረቅ ቦታ ማቆየት ነው።

የነሐስ መድፍ ዋና ጠላቱ ግን ዝናብም ጨውም አይደለም፤ ዋጋው ነው። ነሐስ ሁልጊዜ ውድ ስለሆነ መቼም ተቀልጦ ሌላ ነገር ለመሆን የተዘጋጀ ነው። ታላቁ ጴጥሮስ በ1700 ናርቫ ላይ ተሸንፎ መድፎቹን ሲያጣ የቤተ ክርስቲያን ደወሎችን አስቀልጦ መድፍ አሠራ። ለንደን ውስጥ በኔልሰን ሐውልት ግርጌ የሚታዩት የነሐስ ሥዕሎች ከተማረኩ የፈረንሳይ መድፎች የተሠሩ ናቸው። የብሪታንያ ከፍተኛው የጀግና ሜዳይ፣ የቪክቶሪያ መስቀል፣ ሴባስቶፖል ላይ ከተማረኩ የሩሲያ መድፎች ነሐስ እንደሚሠራ ለረጅም ጊዜ ሲነገር ኖሯል። መድፎቹን ያዩ ተመራማሪዎች ግን ለሜዳዩ ሲባል ኋላቸው የተቆረጠው ሁለት መድፎች የቻይና ሥራ መሆናቸውን አሳይተዋል። አፈ ታሪክ ከብረት ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል።

የብረቱ መድፍ ችግር ሌላ ነው። ካስት አይረን የሚባለው፣ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የሚፈስሰው ብረት፣ ከመቶ ከሦስት እስከ አራት እጅ ካርቦን አለው። ጠንካራ ነው፣ ነገር ግን ተሰባሪ ነው። ዝገቱ ከተፈጠረበት ብረት የሚበልጥ ቦታ ስለሚይዝ እየተነፋ ቅርፊት ቅርፊት ሆኖ ይነሣል፤ ከቀለም ሥር ከገባ ቀለሙን ራሱ ገልብጦ ይጥለዋል። ከባሕር የወጣ የብረት መድፍ ደግሞ የባሰ አታላይ ነው። ብረቱ በባሕር ውኃ ተበልቶ ካርቦኑ ብቻ ሊቀር ይችላል። ከላይ ሲያዩት መድፉ ቅርጹ፣ ጽሑፉ፣ ቁጥሩ ሳይቀር እንዳለ ነው፤ በቢላዋ ግን ይፋቃል። እንዲህ ያለውን መድፍ ከውኃ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ወይም በግራይንደር መንካት ማጥፋት ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲነኩት ጽሑፉ ይረግፋል።

ባለሙያዎቹ የሚጠቀሙበት ዘዴ ኤሌክትሮሊሲስ ነው። መድፉን ሶዲየም ካርቦኔት ወይም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በተበጠበጠበት ውኃ ውስጥ ይነክሩታል፤ በዙሪያው የብረት ላሜራ ያቆማሉ፤ መድፉን ከኤሌክትሪኩ ኔጋቲቭ፣ ላሜራውን ከፖዘቲቩ ጋር ያያይዛሉ። አነስተኛ ኃይል ሲለቀቅ ከመድፉ ላይ ትንንሽ አረፋ ይነሣል፣ ቅርፊቱ ይላላል፣ በብረቱ ውስጥ የተሸሸገው ጨውም ቀስ እያለ ወደ ውኃው ይወጣል። ውኃው በየጊዜው እየተለካና እየተቀየረ ሥራው ለወራት፣ ከባሕር የወጣ ትልቅ መድፍ ከሆነ ለዓመታት ይቀጥላል። አረፋው ሃይድሮጅን ስለሆነ ቤቱ በደንብ አየር የሚገባበት መሆን አለበት፤ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው እዚያ ቦታ የለውም። ላሜራው ስቴንለስ ስቲል እንዳይሆንም ይጠነቀቃሉ፤ በውስጡ ያለው ክሮሚየም ወደ ውኃው ከወጣ መርዝ ነው።

በመናፈሻ ለቆመ፣ ባሕር ላልነካው መድፍ ይህ ሁሉ ላያስፈልግ ይችላል። የላላውን ዝገት በሽቦ ብሩሽና በእጅ ማንሣት ብዙውን ሥራ ይሠራል። ከዚያ ታኒን የሚባለው፣ ቆዳ ፋቂዎች ከዛፍ ልጣጭ የሚያወጡት ንጥረ ነገር፣ በውኃ ተበጥብጦ ይቀባል፤ የቀረውን ዝገት ወደ ጥቁር ሰማያዊ ጽኑ ልባስ ይለውጠዋል። ላዩ ላይ ሰም ይቀባል። ብረቱ ለዝናብ የተጋለጠ ከሆነ አንቲረስትና ቀለም ይጨመርበታል። የአፈሙዙ ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል። መድፍ የሚቆመው አፉ ትንሽ ወደ ላይ ቀና ብሎ ነው፤ እንዲያ ሲሆን ያምራል፣ ውኃም ያጠራቅማል። ብዙ የተበላሸ መድፍ የተበላሸው ከውስጥ ነው። አፉን በእንጨት ውታፍ መዝጋት፣ ወይም ውኃው እንዲፈስ አፉን በትንሹ ወደ ታች ማዘንበል ለብዙ ዓመት የሚተርፍ ዘዴ ነው፤ ወጪውም ኢምንት ነው።

በ1918 አካባቢ የተማረኩት የሜዳ መድፎች ላይ ቀድሞ የሚሞተው የእንጨት ጎማቸው ነው። መድፉ ብረት ነው፣ ጋሻውም ብረት ነው፣ ጎማው ግን እንጨት ሆኖ አንድ ቶን የሚመዝን ነገር ተሸክሞ እርጥብ ሣር ላይ ይቆማል። ጎማውን አዲስ ማሠራት ሙያ ነው፤ ጨረሮቹ ከመሐሉ ጉብ ጋር፣ የዙሪያው ቅስቶችም ከጨረሮቹ ጋር በልክ ይገጣጠማሉ። የብረቱ ቀለበት ሆን ተብሎ ትንሽ ጠበብ ተደርጎ ይሠራል። በእሳት ሲግል ይሰፋል፤ በዚያ ሁኔታ በእንጨቱ ላይ ይወርዳል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ሲፈስበት ተኮማትሮ መገጣጠሚያውን ሁሉ አጥብቆ ይይዛል። እንዲህ ያለ ጎማ ዛሬ የሚሠራ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ የተገኘው ጎማ እንዳይበሰብስ ማድረጉ ይሻላል። በክሪክ አንሥቶ ከአክሰሉ ሥር የማይታይ የብረት እግር ማቆም፣ ጎማው መሬት እየነካ ጭነቱን እንዳይሸከም ማድረግ። አስተዋይ ማኅበራት ሁሉ የሚያደርጉት ይህን ነው።

አሜሪካኖች በጌቲስበርግ ሌላ መንገድ መርጠዋል። ከሐምሌ 1 እስከ 3 ቀን 1863 በተደረገው ጦርነት ሜዳ ላይ ዛሬ ከ350 በላይ መድፎች ቆመዋል። ጎብኚው የእንጨት ሠረገላ የሚመስለው ሁሉ ግን እንጨት አይደለም። እውነተኞቹ ሠረገላዎች ስለማይበረክቱ በ1890ዎቹ የጦር ሚኒስቴር እንጨት አስመስሎ ከካስት አይረን አሠራቸው፤ ብዙዎቹ የወጡት እዚያው ጌቲስበርግ ከነበረው የካልቪን ጊልበርት ፋብሪካ ነው። እነሱም በተራቸው ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸው ታሪክ ሆነዋል። አሁን በፓርኩ የጥገና ክፍል፣ በጎ ፈቃደኞችም እየተረዱ፣ አሮጌው የእርሳስ ቀለም እየተገፈፈ የሚታደሱት እነዚሁ አስመስሎዎች ናቸው። መጀመሪያ ምትክ የነበረ ነገር ውሎ አድሮ ራሱ የሚጠበቅ ቅርስ ይሆናል፤ ይህን ማስታወስ ወደ ኋላ ለምናነሣው ጉዳይ ይጠቅመናል።

አሁን ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ መጣ፤ መድፉን ወደ የትኛው ቀኑ ነው የምንመልሰው? አንድ የጀርመን የሜዳ መድፍ እንውሰድ። ከፋብሪካ የወጣው በአንድ ወጥ የሠራዊት ቀለም ነው፤ አፈሙዙ ላይ የፕሩሲያ ነገሥታት መድፍ የመጨረሻው የንጉሥ ክርክር ነው የሚሉበት የላቲን ጽሑፍ አለበት። በ1918 ክረምት ላይ በወጣ ትእዛዝ በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ቡናማ ዥጉርጉር ተቀብቶ፣ ቀለማቱም በጥቁር መስመር ተለያይተው ይሆናል። በዚያ መልክ እያለ ተማረከ፤ የማረከው ሻለቃም ስሙን ጽፎበታል። ከዚያ ለሰባና ለሰማንያ ዓመታት የመናፈሻው ዘበኛ አንዴ ብርማ፣ አንዴ ጥቁር፣ አንዴ የአትክልት ቦታ አጥር አረንጓዴ ሲቀባው ኖረ። ጋሻው ላይ ደግሞ የጥይት ቀዳዳ አለ።

ጥሩ ሠራተኛ ከሁሉ አስቀድሞ ትንሽ የቀለም ቅንጣት ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ያየዋል፤ የቀለሙ ድርብርብ እዚያ ላይ ከታች ወደ ላይ በቅደም ተከተል ይነበባል። እኔ የምደግፈው ወደ ተማረከበት ቀን የሚመልሱትን ነው፤ ምክንያቱም ከተማው መድፉን የተቀበለው በዚያ ቀን ምክንያት ነው። ነገር ግን በአንድ የማይታይ ጎን መዳፍ የሚያህል ቦታ ላይ ድርብርቡ ሁሉ ሳይነካ መተው አለበት፤ የሚቀጥለው ትውልድ የእኛን ውሳኔ የሚመረምርበት ማስረጃ ያ ነው። የጥይቱን ቀዳዳ በስቱኮ ደፍኖ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ግን ምንም ምክንያት ሊቀርብለት የማይችል ጥፋት ነው። ቀዳዳው ከመድፉ ይበልጣል። ከኋላው የቆመ ሰው ነበር።

በአየር ግፊት አሸዋ መርጨትም እንዲሁ ነው። ጋራዥ ያለው ዘመድ ያለን ሁሉ ይህ ያጓጓናል፤ ግማሽ ቀን ሳይሞላ መድፉ ግራጫ ሆኖ ያብረቀርቃል። ሁለተኛ የማይነበበው የፋብሪካ ቁጥርና የማራኪዎቹ ጽሑፍ ግን አብሮ ተጠርጎ ሄዷል። ለወፍራም፣ ጽሑፍ ለሌለበት የካስት አይረን ሠረገላ በባለሙያ እጅ ሊፈቀድ ይችላል። ለአፈሙዝ፣ ይልቁንም ለነሐስ፣ አይሆንም።

ይህን ሁሉ ይዘን ወደ ቤታችን እንመለስ፤ የሴባስቶፖል ስም እኛም ዘንድ አለና። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አሠርተዋል። ከሠሪዎቹ መካከል ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪስኮና ሚሲዮን የመጡት፣ እነ ቴዎፊል ዋልድማየር፣ ይገኙበታል፤ አብዛኞቹ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ ነበሩ እንጂ መድፍ ሊያቀልጡ አልነበረም። ትልቁ ሥራቸው 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ሞርታር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ዘመን ዓለም ሁሉ ያወራበት በነበረው ከበባ ስም ሴባስቶፖል አሉት። በእንግሊዝ ከተሞች ከሴባስቶፖል የተማረኩ መድፎች በየአደባባዩ በቆሙበት በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ፣ በዚያው ስም የተጠራ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጎተት ነበር።

ጉዞው የተጀመረው በእኛ አቆጣጠር በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሲሆን ያበቃው በዚያው ዓመት መጋቢት ነው። መንገድ አልነበረም፤ መንገዱን እየሠሩ ነው የሄዱት። ቋጥኝ እየፈለጡ፣ ገደል እየደለደሉ፣ የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆ ወርደው ወጡ። ንጉሡ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ይፈነቅሉ ነበር። በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር የራሱን ከባድ መሣሪያ ከሕንድ ባመጣቸው 44 ዝሆኖች አስጭኖ ሲመጣ፣ የቴዎድሮስን መድፍ የተሸከመው የሰው ትከሻና ገመድ ነበር። ያንን የቴዎድሮስን መንገድ ያዩት እንግሊዞች ራሳቸው ተደንቀውበት ጽፈዋል፣ ሄደውበታልም። ሚያዝያ 3 ቀን አሮጌ በሚባለው ቦታ ላይ ጦርነት ሆነ፤ ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ተያዘች፣ ንጉሡም በገዛ እጃቸው ሞቱ። ሴባስቶፖል የውጊያውን ውጤት አልለወጠውም።

እንግሊዞች ከመሄዳቸው በፊት አምባውን አቃጠሉ፣ የተገኘውን መድፍ ሰበሩ፤ መጽሐፉን፣ ዘውዱን፣ ታቦቱን ጭነው ሄዱ። ሴባስቶፖል እዚያው ቀረ። ከላይ የነሐስ ጠላቱ ዋጋው ነው ብዬ ነበር፤ ይህኛው ነሐስ የዳነው በክብደቱ ነው። ያንን የሚያህል ነገር ከዚያ አምባ አውርዶ ማቅለጥ ከሚገኘው ጥቅም በላይ ያደክማል። እስከ ዛሬም በደቡብ ወሎ መቅደላ ላይ ሜዳ ላይ ተጋድሟል። አምሳያው አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሞ ሕዝብ በየቀኑ ያየዋል።

መቅደላ ያለውን አንሥተን፣ አሳምረን፣ በእብነ በረድ መድረክ ላይ እናቁመው የሚል ሐሳብ የሚያነሣ ሰው አይጠፋም። ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ ቢሆንም እኔ እቃወመዋለሁ። ይህ መድፍ የተኮሰው ጥይት አይደለም የሚታሰብለት፤ የተጎተተበት መንገድ ነው። ወደዚያ የደረሰበት ቦታ ከእሱ ጋር አንድ ነው፤ ከቦታው ያነሣነው እንደሆነ ስሙ ያልተጻፈለት ያ ሁሉ ጎታች ገበሬና ወታደር መታሰቢያው ይጠፋል። የሚወለወልና የሚያበራ ሴባስቶፖል ማየት የፈለገ ሰው አደባባዩ አለለት። የጌቲስበርግ የብረት ሠረገላዎች እንዳሳዩት አምሳያውም ራሱ አንድ ቀን ቅርስ ነውና፣ የቸርችል ጎዳናውም ይጠበቅ።

ለመቅደላው የሚያስፈልገው ከሁሉም ያነሰ ነው፤ ውኃ የማያቋር መሬት፣ እንስሳና ሰው እንዳይወጣበት ዝቅ ያለ አጥር፣ የነሐስ በሽታ መጀመሩንና አለመጀመሩን በየዓመቱ የሚያይ የሠለጠነ ዓይን፣ ለሚጠብቀው ለአካባቢው ሰው ደግሞ ደመወዝ። ከጎኑም ጽሑፍ፤ ከንጉሡ ስም ቀጥሎ የሚጀምረው ስለ ጎታቾቹ ቢሆን ደስ ይለኛል።

በከተማችሁ፣ በትምህርት ቤታችሁ ግቢ ወይም በአሮጌ ጦር ሰፈር አጠገብ መድፍ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ለበዓል ይደርሳል ብላችሁ በአንድ ሳምንት አትቀቡት። ዘንጉን አስገቡ። ከአራቱም ማዕዘን ፎቶ አንሡት፣ ለኩት፣ ጽሑፉንና ቁጥሩን ወረቀት ላይ በእርሳስ እያሻችሁ ገልብጡ፣ የሚያውቁ ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ መዝግቡ። ለምርቃቱ ድግስ ካዋጣችሁት ገንዘብ ላይ ለየዓመቱ ሰምና አንቲረስት የሚሆን አስቀሩ። ሐውልቱ ላይም ከባለሥልጣኑና ከለጋሹ ስም በፊት የሞቱትን ጻፉ።